ለዱር አጋዘን የፕሮቲን ፊደር ስንገዛም ሆነ ስንሰራ ምን እንይ

ቴክሳስ ውስጥ መሬት ገዝታችሁ ወይ የአደን ሊዝ ይዛችሁ አጋዘኖቹን ፕሮቲን ልመግብ ብላችሁ ለምታስቡ ነው ይሄን የምፅፈው፣ በተለይ ሱቅ ገብታችሁ ከ200 ፓውንድ እስከ 2000 ፓውንድ የሚይዙ ፊደሮች (መኖ ማቅረቢያ ዕቃዎች) በመደዳ ተገትረው አይታችሁ የቱን ልያዝ ብላችሁ ግራ ለገባችሁ። ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ትልቁ ላይ ነው። እኔ ግን ፊደር የሚመዘነው በሚይዘው ሳይሆን መኖውን ደረቅ አድርጎ፣ ሳይቋረጥ፣ ለአሳማና ለራኩን ሳይሆን ለአጋዘኑ አፍ በማድረሱ ነው ባይ ነኝ። ቀለሙ፣ ማርካው፣ ምናምኑ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ብዙ ሰው ፊደር ሲባል ትዝ የሚለው በሰዓት ተሞልቶ ጠዋትና ማታ እየዞረ በቆሎ የሚበትነው ባለ ባትሪው ነው። እሱ አጋዘን ለመጥራት እንጂ ለመገንባት አይደለም፣ በቆሎ ፕሮቲኑ ከ7 እስከ 9 ፐርሰንት ቢሆን ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ስታርች ነው። የፕሮቲን ፊደር ደሞ ሞተርም ባትሪም የለውም፣ መኖው በራሱ ክብደት ወደ ታች እየወረደ አጋዘኑ በፈለገ ሰዓት መጥቶ የፈለገውን ያህል ይበላል። ፔሌቱን (ተጨምቆ እንደ ትንንሽ እንክብል የተሰራውን የፕሮቲን መኖ) በሚበትነው ፊደር አስገብቼ ልጠቀም የሚል ሰው አለ፣ አታድርጉት፣ ፔሌት መሬት ላይ ወድቆ ጤዛ ከነካው ይፈርሳል፣ ከአፈር ጋር ይቦካል፣ ገንዘባችሁን መሬት ላይ እንደመበተን ነው።

ፕሮቲኑ ለምን አስፈለገ ላላችሁ፣ ቴክሳስ ሂል ካንትሪ ውስጥ ኬር የሚባል የመንግስት የዱር እንስሳት ጣቢያ አለ፣ እዛ ከ1974 ጀምሮ አጋዘን በአጥር ውስጥ እያረቡ ያጠናሉ። 16 ፐርሰንት ፕሮቲን የበሉትንና 8 ፐርሰንት የበሉትን ሲያወዳድሩ 8ቱን የበሉት ወንዶች ሰውነታቸውም ቀንዳቸውም አንሶ ነው የተገኘው። ስለዚ ከረጢቱ ላይ ከ16 እስከ 20 ፐርሰንት የሚል ፕሮቲን ብታዩ ልክ ናችሁ፣ ከዛ በላይ መክፈል ብዙም አይታየኝም። ወንዱ ቀንዱን ጥሎ አዲሱን ማብቀል የሚጀምረው የብርዱ ክረምት ሲወጣ ነው፣ እስከ ኦገስት መጨረሻ ድረስ በለስላሳ ፀጉራም ቆዳ ተሸፍኖ ያድጋል፣ ከዛ ደርቆ ቆዳው ይላጣል። ሴቷ ደሞ እርግዝናዋ የሚከብደው በስፕሪንግ ነው፣ ስትወልድና ስታጠባ ሞቃቱ ሰመር ይገባባታል፣ ደቡብ ቴክሳስ ላይ ደሞ ያ ጊዜ ሁሉም የሚደርቅበት ነው። ሰው ስለ ቀንድ ብቻ ነው የሚያወራው እንጂ ፊደር ትልቁን ስራ የሚሰራው ለምታጠባዋ እናትና ለግልገሏ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ደህና ወተት ያገኘ ግልገል ነው ነገ ደህና ወንድ የሚሆነው። ደሞ እድሜን ምንም አይተካውም፣ ወንድ አጋዘን ትልቁን ቀንዱን የሚያወጣው 5 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፣ በ2 ዓመቱ እየተኮሳችሁት ፊደር ብትደረድሩ ትርጉም የለውም።

አሁን ወደ አይነቶቹ። በጣም የተለመደው ከላይ ታንክ ኖሮት ከታች ሶስት ወይ አራት ቱቦ የወጣለት ነው፣ አጋዘኑ አፍንጫውን ቱቦው አፍ ውስጥ ከቶ ይበላል። ለብዙ ሰው የሚሆነው ይሄ ነው፣ ዝናብ ቶሎ አይገባበትም፣ ወፍ አይጨርሰውም። ሁለተኛው ገንዳ ያለው ነው፣ መኖው ከላይ እየወረደ ክፍት ገንዳ ውስጥ ይተኛል፣ ጣራ ይኖረዋል። ገንዳው ጥሩነቱ ብዙ አጋዘን አንዴ ይበላበታል፣ ትልቅ ቀንድ ያለውም ወንድ ሳይጨነቅ አንገቱን ያስገባል። መጥፎነቱ ግን ነፋስ ያለው ዝናብ በጎን ይገባና ገንዳው ስር ያለው ገንፎ ይሆናል፣ ዝናብ በሚበዛበት ምስራቅ ቴክሳስ ከሆናችሁ እኔ አልመክርም። ሶስተኛው ለጥጥ ፍሬ የሚሆነው የሽቦ ቅርጫት ነው። የጥጥ ፍሬ ፀጉር ስላለው በቱቦ አይወርድም፣ ክብ የሽቦ አጥር ሰርተው ውስጡ ይከምሩታል፣ አጋዘኑ በሽቦው ቀዳዳ እየነጨ ይበላል። ፕሮቲኑ ወደ 23 ፐርሰንት ነው፣ ስቡም ብዙ ነው፣ አሳማና ራኩንም ብዙ አይወዱትም፣ ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ጎሲፖል የሚባል መርዛማ ነገር ስላለበት ብቸኛ መኖ አድርጋችሁ አትስጡ፣ ጨጓራው ገና ያልደረሰ ግልገል ላይ በተለይ ይከብዳል፣ ሌላ መኖ እና በቂ ቅጠል ሲኖር ነው የሚጠቅመው።

መጠኑን በሂሳብ ምረጡት እንጂ በዓይን አትምረጡት። አንድ አጋዘን ፊደር ከለመደ በኋላ በቀን በግምት ከ1 እስከ 3 ፓውንድ ይበላል፣ መሀሉን 2 እንያዝ። 25 አጋዘን የሚመጣበት ቦታ ከሆነ በቀን 50 ፓውንድ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ከረጢት በየቀኑ ይሄዳል ማለት ነው፣ 1000 ፓውንድ የሚይዝ ፊደር በ20 ቀን ባዶ ነው። ራንቹ ከቤታችሁ ሶስት አራት ሰዓት ከራቀና በወር አንዴ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ወይ ትልቅ ግዙ ወይ ሁለት ፊደር አቁሙ። እኔ ሁለት መካከለኛ ከአንድ ትልቅ ይሻላል እላለሁ፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ ወንዶች አንዱን ፊደር ተቆጣጥረው ሴቶቹንና ወጣቶቹን ያባርራሉ፣ ሁለተኛ ቦታ ሲኖር የተባረረው እዛ ሄዶ ይበላል። በወር ለሁለት ሳምንት ባዶ የሚሆን ፊደር ደሞ ከምንም አይሻልም ለማለት ይቃጣኛል፣ አጋዘኑ ልማዱን ይተዋል፣ ተመልሶ ሲመጣም ሆዱ እንደ አዲስ መልመድ አለበት (ወደዚህ እመለሳለሁ)።

ሱቅ ውስጥ ስትቆሙ እነዚህን በእጃችሁ ነካክታችሁ እዩ። የታንኩ ታች እየጠበበ የሚወርድበት ዳገት ቢያንስ 45 ዲግሪ የሚሆን ይመስላል ወይ? ጠፍጣፋ ከሆነ መሀሉ ላይ የማይወርድ መኖ ይቀራል፣ ያ የቀረው ነው የሚሻግተው፣ ሻግቶም አዲሱን ያበላሻል። ክዳኑን ክፈቱት ዝጉት፣ ጠርዙ ወደ ታች የታጠፈና ጎማ ያለው መሆን አለበት፣ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚዘጋ ቢሆን ጥሩ ነው ምክንያቱም መሰላል ላይ ቆማችሁ 50 ፓውንድ ከረጢት ትከሻችሁ ላይ ይዛችሁ ነው የምትከፍቱት። ጣታችሁን ቱቦው አፍ ዙሪያ አዙሩት፣ ብረቱ የሚቆርጥ ከሆነ ተዉት። ቀንዱ በሚያድግበት ጊዜ ደም የሞላበት ለስላሳ ነገር ነው፣ ሲነካ ያመዋል፣ ስለታም ጠርዝ ወይ በጣም የተጠጋ እግር ያለው ፊደር ላይ ትልቁ ወንድ ደጋግሞ አይመጣም፣ እናንተም መኖውን አልወደደም ትላላችሁ። እግሮቹ ወደ ውጪ የተዘረጉ ይሁኑ፣ መሬት ላይ የሚታሰሩበት ቀዳዳም ይኑራቸው፣ ባዶ ሲሆን ነፋስ ይጥለዋል፣ ሲሞላ ደሞ ላም ትታከክበታለች። የቱቦው አፍ ከመሬት 36 እስከ 40 ኢንች ቢሆን ለትልቅ አጋዘን ይመቻል።

ልስራው ካላችሁ ሁለት መንገድ አለ። ትንሹ የፒቪሲ ቱቦ ነው፣ 6 ኢንች ስፋት ያለው 5 ጫማ ቱቦ ከታቹ የዋይ (Y) ቅርፅ ያለው ማገጣጠሚያ ታደርጉበትና ታቹን በክዳን ደፍናችሁ፣ የዋዩን ቅርንጫፍ ወደ ላይና ወደ ውጪ አዙራችሁ፣ ላዩን በሚከፈት ክዳን ዘግታችሁ ዛፍ ላይ በቀበቶ ታስሩታላችሁ። ርካሽ ነው፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ግን ሙሉ አንድ ከረጢት እንኳ አይይዝም፣ 40 ፓውንድ ቢገባ ነው፣ ስለዚ ቤታችሁ አጠገብ ለሆነ ቦታና አጋዘኖቹ ፔሌት ይለምዱ እንደሆነ ለማየት እንጂ ለዋና ስራ አይሆንም።

ለዋና ስራ በርሜል ነው። 55 ጋሎን በርሜል ስድስት ከረጢት ፔሌት ይይዛል፣ 300 ፓውንድ አካባቢ፣ ለ10 አጋዘን ሁለት ሳምንት። በርሜሉ ምግብ የነበረበት ይሁን፣ ዘይት ወይ ኬሚካል የነበረበትን መቶ ጊዜ ብታጥቡትም አትጠቀሙ። የበርሜል ችግሩ ታቹ ጠፍጣፋ መሆኑ ነው፣ መፍትሄው ደሞ ውስጡ መሀል ላይ ከላሜራ የተሰራ ሹል ኮን ሹሉን ወደ ላይ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፣ ያኔ መኖው መሀል ላይ ከመተኛት ይልቅ ወደ ዳር እየተንሸራተተ ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ እሱ ነው ባይ ነኝ። ከዛ ታቹ ዳር ላይ በእኩል ርቀት ሶስት ቀዳዳ በክብ መጋዝ ትበሱና 4 ኢንች የፒቪሲ ቱቦ 45 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብላችሁ ታስገባላችሁ፣ ከውስጥም ከውጪም በቡሎን ታስራላችሁ፣ ዙሪያውን በሲሊኮን ትደፍናላችሁ። የቱቦውን ጫፍ በክዳን ዝጉትና ጫፉ አካባቢ የላይኛውን ግማሽ ቆርጣችሁ ክፈቱ፣ የአጋዘኑ አፍንጫ የሚገባው እዛ ነው። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ጫፉ ክዳን ስር በ1/8 ኢንች መሰርሰሪያ ጥቂት ቀዳዳ ብሱ፣ ፔሌቱ አይወጣም፣ የገባ ውሃ ግን ይወጣል። ከቱቦዎቹ አፍ በላይ ደሞ እንደ ኮፍያ የሚያጠላ ላሜራ አድርጉ፣ ከቀጥታ ዝናብ ይጠብቃል።

ራንች ከመውሰዳችሁ በፊት ጓሮ አቁማችሁ አንድ ሁለት ከረጢት ጨምሩና እዩት። መኖው ቱቦው አፍ ላይ መጥቶ በራሱ መቆም አለበት፣ ከፈሰሰ ዘንበል ማለቱን ቀንሱ ወይ የአፉን ከንፈር ከፍ አድርጉ፣ ካልመጣ ደሞ ዳገቱን ጨምሩ። በእጃችሁ እያወጣችሁ ደጋግሙት፣ እያወጣችሁ ሲቆም የሚይዘው የቱ ጋ እንደሆነ ያኔ ይታያል። ፔሌት ስትገዙም ትንንሹን፣ 3/16 ኢንች ውፍረት ያለውን ፈልጉ፣ የተሻለ ይወርዳል። ከረጢቱ ታች ብዙ ዱቄት ካለው ዱቄቱን አታስገቡት፣ ቱቦ የሚዘጋው እሱ ነው፣ እርጥበት ሲነካው ሲሚንቶ ይሆናል።

አጥሩ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ። ቴክሳስ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ የዱር አሳማ እንዳለ ነው የሚገመተው፣ አጥር የሌለው ፊደር የአሳማ ፊደር ነው። ደግነቱ አሳማ እንደ አጋዘን አይዘልም። 16 ጫማ ርዝመትና 34 ኢንች ከፍታ ያለው የአሳማ ፓናል የሚባለው የሽቦ አጥር በየእርሻ ዕቃ መሸጫው አለ፣ 12 ፓናል ክብ አድርጋችሁ ብታገጣጥሙ ዲያሜትሩ 60 ጫማ አካባቢ ይሆናል፣ ከዛ ባያንስ ደስ ይለኛል። ጠባብ ክበብ ውስጥ አጋዘን መግባት ይፈራል፣ ከገባም ሌላ ወንድ ሲመጣበት መውጫ ያጣል፣ ሰፊ ሲሆን ግን በየትም ዘሎ ይወጣል። ቋሚ ብረቱን በየ8 ጫማው ምቱ፣ ፓናሉ ከመሬት ጋር ይግጠም፣ ክፍተት ካለ አሳማ በአፍንጫው ገፍቶ ይገባል። ትንሽ ግልገል 34 ኢንች እንደማይዘል አውቃለሁ፣ አንዳንዱ ሰው ለዚህ ብሎ ወደ 28 ኢንች ዝቅ ያደርገዋል፣ አሳማ ያን ያህል የማያስቸግር ቦታ ከሆነ ይሄዳል። ከብት ካለ ግን 34ትም አይበቃም፣ ላም አንገቷን አስረዝማ ትገፋዋለች፣ ከላይ አንድ መስመር ሽቦ ጨምሩበት፣ አጋዘኑ ከዚያ ሽቦ ስርም ከላዩም የሚዘልበት ክፍተት ተዉ። ለራኩን ደሞ እያንዳንዱ እግር ላይ ለስላሳ ላሜራ ጠቅልሉ፣ ጥፍሩ የሚይዘው ካጣ አይወጣም። ዛፍ ቅርንጫፍ ስር ግን ካቆማችሁት ከላይ ይወርድባችኋል።

ቦታው ቁጥቋጦ አጠገብ ሆኖ ዙሪያው 20 ወይ 30 ያርድ የጠራ ይሁን። አጋዘን ካዮቲ ሲመጣ ማየት ይፈልጋል፣ ሲደነግጥ ደሞ ቶሎ የሚገባበት ጫካ። ውሃ ቅርብ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ደረቅ መኖ የበላ ውሃ ይፈልጋል። ረባዳ መሬት ላይ አታቁሙ፣ ዝናብ ሲጥል ፒካፓችሁ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ፊደሩ ባዶውን ይከርማል። ሌላው፣ የፕሮቲን ፊደር ላይ ማደን ይቅርባችሁ። አጠቃላዩ የአደን ወቅት የኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው የሚከፈተው፣ የምትተኩሱበትን ቦታ ለብቻ አድርጉት፣ የተተኮሰበት ፊደር ላይ ትልቁ ወንድ በቀን መምጣት ያቆማል።

አጀማመሩ ላይ በጣም ቀስ በሉ። አጋዘን የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፣ መኖውን የሚፈጩለት ትልቁ ጨጓራው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ህዋሳት ናቸው፣ እነሱ ደሞ ከአዲስ መኖ ጋር ለመላመድ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። የተራበ አጋዘን ፊት፣ በተለይ በክረምት፣ ድንገት ብዙ በቆሎ ብትከምሩ ጨጓራው አሲድ ሞልቶ ሊሞት ይችላል፣ ሆዱ ሞልቶ ነው የሚሞተው። ለመድ እስኪል በቆሎ በለመደበት ቦታ መጀመሪያ ሶስት እጅ በቆሎ አንድ እጅ ፔሌት፣ ከዛ ግማሽ ለግማሽ፣ ከዛ ፔሌት ብቻ እያላችሁ በሳምንታት ውስጥ አሸጋግሩት። ጃንዋሪ ላይ ብትጀምሩ ቀንድ ማብቀያው ሲደርስ ለምዶ ይጠብቃችኋል። ፈረስ ያላችሁ ደሞ የመኖውን መለያ አንብቡ፣ ሞኔንሲን የሚባል መድሃኒት ያለበት መኖ ፈረስ ይገድላል።

በሄዳችሁ ቁጥር ቱቦው ውስጥ እጃችሁን ከታችሁ እሹት፣ አሽቱት። የተጋገረ፣ አረንጓዴ ያለበት፣ የሚሸት ካለ ሁሉንም አውጡ፣ ላዩን ብቻ ጠርጋችሁ አትተዉ። በቆሎ ከሆነ ደሞ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ አለ፣ አጋዘኑን ብቻ ሳይሆን የዱር ተርኪና ድርጭቱን ይጎዳል፣ ከረጢቱ ላይ ከ20 ፒፒቢ (ከቢሊዮን 20 እጅ) በታች የሚለውን ግዙ። ያወጣችሁትን የተበላሸ መኖ እዛው መሬት ላይ አታፍስሱት፣ ወፍ ይበላዋል፣ ይዛችሁ ውጡ።

አሁን ሳልለው የማላልፈው ነገር አለ፣ ሲደብሊውዲ የሚባለው የአጋዘን የአንጎል በሽታ። ፕሪዮን በሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ነው የሚመጣው፣ መድሃኒት የለውም፣ የያዘው ሁሉ ይሞታል። በምራቅ፣ በሽንትና በኩስ ይወጣል፣ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ተራ ማጠቢያ አያጠፋውም። ቴክሳስ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው 2012 ላይ በምዕራቡ ጫፍ ሚውል ዲር በሚባለው ሌላ የአጋዘን ዝርያ ላይ ነው፣ 2015 ላይ ደሞ ሜዲና ካውንቲ በአጥር በሚረባ ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ተገኘ። ብዙ አጋዘን አንድ ቱቦ ላይ አፉን ሲከት ምራቅ ይካፈላል፣ ይሄን መካድ አይቻልም፣ ለዚህ ነው አጋዘን መመገብን ጭራሽ የከለከሉ ስቴቶች ያሉት። ቴክሳስ በግል መሬት ላይ ይፈቀዳል፣ ሌላ ስቴት ካላችሁ ግን በርሜል ከመብሳታችሁ በፊት የስቴታችሁን የዱር እንስሳት መስሪያ ቤት ህግ እዩ፣ ቴክሳስም ቢሆን በሽታው የተገኘበት አካባቢ የራሱ ምርመራና ደንብ ሊኖረው ይችላል። ቱቦ የበዛ ፊደር፣ የተራራቁ ፊደሮች፣ መሬት ላይ የማይፈስ መኖ፣ እነዚህ አደጋውን አያጠፉትም ግን መጨናነቁን ይቀንሳሉ። የከሳ፣ ጆሮው የወደቀ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ሰው የማይፈራ አጋዘን ካያችሁ አትንኩት፣ ደውላችሁ ለዱር እንስሳት ባለሙያ ተናገሩ።

ከዚሁ ጋር፣ አጋዘን በዛ ብላችሁ ፊደር አትጨምሩ። መኖ ያገኘ አጋዘን ቅጠል መብላቱን አይተውም፣ ቁጥሩ ከመሬቱ አቅም ካለፈ ቁጥቋጦውን ላጭቶ ይጨርሰዋል፣ ያኔ ማነስ ያለበት ቁጥሩ ነው፣ በተፈቀደላችሁ ልክ ሴቶቹን ማደን ማለት ነው።

በፎል፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ የኦክ ፍሬ ሲወድቅ ድንገት ፊደሩን ትተውት ይጠፋሉ። አትደንግጡ፣ መኖውም አልተበላሸም ፊደሩም አልተበላሸም፣ ያ ፍሬ እስካለ ድረስ ምንም ነገር አይወዳደረውም። ያኔ ታንኩን ሞልታችሁ አትተዉት፣ ሳይበላ ቆይቶ እርጥበት ይስባል፣ ታቹን ብቻ ያዝ የሚያደርግ አንድ ሁለት ከረጢት አድርጉና ካሜራችሁ ላይ መመለሳቸውን ስታዩ ሙሉት።